አንድ ፎቅ ይቀነስ ያልኩ ዕለት

ያን ጠዋት ቫኑን ሁልጊዜ ፓርክ ከማደርግበት ባዶ ሜዳ ስደርስ አንድ ቀይ ፊኛ በረጅም ገመድ ታስሮ ሰማይ ላይ ቆሟል። በርሜል ያህላል። ከሥሩ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አንጋጠው ያዩታል፤ ግማሾቹ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዘዋል፤ አንዱ ሰውዬ ባለ ሦስት እግር ካሜራ ተክሏል። እኔ ሰው ተሰብስቦ ካየሁ ማለፍ አልችልም፤ የቆየ በሽታዬ ነው። ተሳፋሪዎቼን አወረድኩና ሄጄ አብሬ አንጋጠጥኩ። ምን እንደሆነ አጠገቤ የቆመችውን ሴትዮ ብጠይቃት፣ እዚህ ሊሠራ የታሰበው ሆቴል ጣሪያው የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው አለችኝ፤ ድምጿ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ድምፅ ነበር።

ፊኛውን አየሁት። ከፊኛው ጀርባ ያለውንም ተራራ አየሁት። ተራራው ሰኔ ገብቶም አናቱ ላይ በረዶ ጭኖ፣ ደመናውን በትከሻው እየገፋ ቆሟል፤ ፊኛው ጉልበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስለቅሰው ልል አልኩና ተውኩት። በዚያች የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ውስጥ ሰው ሲያዝን ምክንያቱን መጠየቅ እንደ ብልግና ይቆጠራል።

ነገሩ የገባኝ ነፋስ ሲነሳ ነው። ነፋስ ሲመጣ ፊኛው ወደ ጎን ይጋደማል፤ ሲጋደም ሆቴሉም አብሮት ያጥራል። ያኔ ሆቴሉን የሚደግፉት ሰዎች እየተሯሯጡ ፎቶ ያነሳሉ። ነፋሱ ሲተኛ ፊኛው ቀጥ ይላል፤ ያኔ ደግሞ የተቃዋሚዎቹ ተራ ነው። የተማሩ፣ የበለጸጉ፣ ጥርሳቸው እኩል የተደረደረ ሰዎች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። እኔም ሥራ ፈት ሆኜ ሃያ ደቂቃ ቆሜ አየኋቸው፤ አንገቴ እስከ ማግስቱ አልዞረልኝም።

ሹፌር ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ስልሳ ስምንት እላለሁ፤ ማንን እንደማታልል ግን አላውቅም። ለአንድ የጽዳት ተቋራጭ ነው የምነዳው። ከካናዳዋ ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሳቫናና ከስካይቪው ራንች ሰፈሮች፣ አሥራ አንድ ሴቶችን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እየለቀምኩ ተራራው ሥር ወደሚገኙት ሆቴሎች አደርሳለሁ፤ ሺፍታቸው ሲያልቅ መልሼ አመጣለሁ። የእኛ አገር ሴቶች አሉ፣ የፊሊፒንስ አሉ፣ የፑንጃብ አሉ። መሀል ላይ ያለውን ጊዜ እንድተኛበት ነው የተሰጠኝ፤ እኔ ግን በማያገባኝ ነገር ነው የማሳልፈው።

ፎቅ በተመለከተ አስተያየት እንዳለኝ መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ስል ሰዎች መሐንዲስ የነበርኩ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርማቸውም። ሥራዬ የሕንፃ ፕላን ጠቅልሎ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ መውሰድ ነበር። የስንቱ ፎቅ ፕላን በብብቴ ሥር አልፏል! አንዱንም ግን ዘርግቼ አላየሁትም።

በተጨማሪም ሽማግሌ ነኝ። ካልጋሪ ውስጥ ሽማግሌ ለመባል ሽበት፣ ከረቫትና የእንግዳ መኪና የሚያስቆም ሰፊ ድራይቭዌይ ይበቃል፤ ሦስቱም አሉኝ። ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፣ የዕድር ሰብሳቢና ጸሐፊ አስታርቄአለሁ፣ በአንድ ሱቅ ሽርክና የተኳረፉ ወንድማማቾች አስታርቄአለሁ። ዘዴውን ልንገራችሁ፤ ከባድ አይደለም። ሁለቱንም ወገን ታመሰግናለህ። ከሁለቱም ላይ ትንሽ ትቆርጣለህ። ትመርቃለህ። ከዚያ ምሳ ይመጣል። አንዱ ሁለት ካለ፣ ሌላው ምንም ካለ፣ መልሱ አንድ ነው። እውነቱ የትኛው ጋ እንዳለ መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ወጡም ይቀዘቅዛል።

አሁን ከተሳፋሪዎቼ ወደ አንዷ ሴት ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የማወራው በእሷ ምክንያት ነውና። የወሎ ልጅ ናት። ፊት ወንበር ላይ ከጎኔ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ሌሎቹ ሲተኙ እሷ አትተኛም። አንድ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ስካይቪው ራንች ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ሆነው ይኖራሉ፤ ጠዋት እናትየው ስትወጣ ልጅቷ ተኝታ ትቀራለች፣ ከላይ የምትኖረው አከራያቸው የደረጃውን በር ከፍታ ትጠብቃታለች፣ ኋላም ወደ ሥራዋ ስትሄድ ትምህርት ቤት ታደርሳታለች።

ሃይዌዩ ተራሮቹ መሀል ከመግባቱ በፊት አንድ መታጠፊያ አለ። ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ስልክ አይሠራም። የልጅቷ መነሻ ሰዓት ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሴትየዋ መታጠፊያው ሳይመጣ ትደውላለች። "ተነሺ። እግርሽን መሬት አድርጊ። አደረግሽ? አሰሚኝ" ትላለች። ልጅቷ ወለሉን በእግሯ ሁለት ጊዜ ትደልቃለች፤ ዱብ ዱብ ሲል እኔም እሰማዋለሁ። አንዳንድ ቀን ልጅቷ እጇን ከአልጋ አውርዳ በቡጢ ትደልቅና ታታልላለች፤ እናትየው ድምፁን ለይታ ታውቃለች፤ "ይኼ እጅ ነው" ትላለች። እኔ ያን ሰዓት ቫኑን ቀስ አደርገዋለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት የጭነት መኪኖች ጥሩንባ ይነፉብኛል። የነዳሁበትን አርባ ዓመት ሁሉ ብትጠይቁኝ የምኮራበት መንዳት ይኼ ብቻ ነው።

ሆቴሉ ለእሷ ምኗ እንደሆነ በፊኛው ሰሞን ነገረችኝ። የከተማዋ ደንብ ከአራት ፎቅ በላይ አይፈቅድም። ባለሆቴሉ ስድስት ልሥራ አለ። ስድስት ከፈለግህ ለሠራተኛ መኖሪያ አርባ ክፍል ትሠራለህ ተባለ፤ እሺ አለ። ክፍሎቹ ከታች፣ በስተኋላ በኩል ናቸው፤ ልጅ ላላቸው ሠራተኞች ባለ ሁለት መኝታ ተይዟል፤ ነዋሪውም የዚያው ሆቴል ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን በከተማዋ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ለክታዋለች። እዚያ ቤት ብታገኝ ልጇን በስልክ ሳይሆን በእጇ ትቀሰቅሳለች። ሌላ የፈለገችው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ከምክር ቤቱ ሰነድ አሥራ አራተኛ ገጽ እያነበበች ስትነግረኝ ቫኑን ወደ ኋላ እያስገባሁ ፓርክ እያደረግኩ ነበር። በመስታወት አያለሁ፣ በአንድ ጆሮ እሰማለሁ። ከሁሉም ጆሮዬ ውስጥ የቀረው "ክፍሎቹ ከታች ናቸው" የሚለው ነው።

ከተማዋ በሁለት ተከፈለች። በየቤቱ ደጃፍ ትንንሽ ሰሌዳ ተተከለ፤ ግማሹ ትንሽ ይበቃናል ይላል፣ ግማሹ ነገን እንገንባ ይላል። ትንሽ ይበቃናል የሚለው ሰሌዳ የሚበዛው መኪና ማቆሚያቸው የእኔን ቤት በሚያህሉ ቤቶች ደጃፍ ነው፤ ባለቤቶቹም በዓመት ሦስት ሳምንት ብቅ የሚሉ ናቸው። ነገን እንገንባ የሚለውን ደግሞ ባለሆቴሉ ራሱ አሳትሞ ያደለው ነው። የእኔ ተሳፋሪዎች ሰሌዳ የሚተክሉበት ደጃፍ አልነበራቸውም።

ሕዝብ ሐሳብ የሚሰጥበት ስብሰባ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ተጠራ። ሴትየዋ ራሷ መናገር ፈራች፤ የምትሠራበት ሆቴል ማናጀር አዲሱን ሆቴል ከሚቃወሙት አንዱ ነው፤ ፊት ለፊት ሆና ብትናገር ሺፍቷን የሚደለድለው እሱ ነው። እኔን ደግሞ የሚያባርረኝ የለም፤ አንደበት አለኝ፤ ሽበት አለኝ። "ጋሼ፣ ሌላ ምንም አይበሉ" አለችኝ። "ስድስት ይሁን፣ ሠራተኛ መኖሪያ ያስፈልገዋል ይበሉና ይቀመጡ።" እሺ አልኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የተሰጠኝ። ከሰጠችኝ ውስጥ አንዱንም አላደረስኩላት።

የሠርግ ሱፌን ለብሼ፣ ቀይ ከረቫት አስሬ ገባሁ። ተሳፋሪዎቼ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ከኋላ መደዳ ተቀመጡ። የምክር ቤቱ ሰዎች ሰባት ናቸው፤ ከንቲባዋ መሀል ላይ ነች። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶታል፤ ሰዓቱን የሚጠብቀው እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበራ ትንሽ ሳጥን ነው። እኔ ተራዬ አሥራ ሰባተኛ ነበር።

አሥራ ስድስቱን ሰማኋቸው። አንዱ ሰውዬ ከመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ተራራው እንደሚታየው፣ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ተራራውን ማየት ለነፍሱ እንደሚያስፈልገው ተናገረ፤ ሆቴሉ ከተሠራ ከወገቡ በታች ይጋረዳል፤ የተራራው ወገብ ማለቱ ነው። ድብ የታተመበት ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ድቦቹን ወክላ ተናገረች፤ ድቦቹ አራት ፎቅ ይችላሉ፣ ስድስት አይችሉም። ሦስተኛው የከተማዋ ጸባይ ይበላሻል አለ። ዋናው መንገድ ላይ ያሉትን ሱቆች አሰብኳቸው፤ ቸኮሌት፣ የፀሐይ መነጽር፣ የውሻ ሹራብ። የውሻ ሹራብ የሚሸጥባት ከተማ የቀራት ጸባይ ምን ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። የባለሆቴሉ ወኪል ደግሞ ከወረቀት የተሠራች ትንሽ ሆቴል ይዞ መጣ፤ ደጃፏ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ሻንጣ ይዘዋል፤ አንድም መጥረጊያ የያዘ የለም። ሆቴሉ ከተራራው ጋር እንደሚነጋገር ነገረን። ምን እንደሚባባሉ አልነገረንም።

ስለ ሠራተኛ መኖሪያ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ተራዬ ደረሰ። ስነሳ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በአእምሮዬ ይዣቸዋለሁ፤ እምላለሁ። ነገር ግን ማይክራፎኑ ጋ ደርሼ ዞር ስል ምን አየሁ? በግራ የተቆጡ ሰዎች፣ በቀኝ የተቆጡ ሰዎች፣ ፊት ለፊት ደግሞ የደከማቸው ሰባት ዳኞች። ሁሉም እኔን ያያሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህ እኮ የታወቀ የሽምግልና መልክ ነው። ምሳው ብቻ ነው የጎደለው። ሰባ አንድ ዓመት የለመደ አንደበት ተነሳና ብቻውን መንገዱን ያዘ።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ወገን አመሰገንኩ። ተራራውን ለሚወዱት ተራራው ዕድሜ ይስጣቸው አልኩ። ሆቴሉን ለሚሠራው እጁ ይባረክ አልኩ። በአገራችን ሰው ሲጣላ ሽማግሌ መሀል እንደሚገባ፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እንደሚለቁ፣ ከዚያም አብረው እንደሚበሉ አስረዳኋቸው። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሃያ ዓመት በሕንፃ ፕላን ላይ መሥራቴንም ጣል አደረግኩ፤ ውሸት አይደለም። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ወደ ፍርዱ ገባሁ። "እናንተ አራት ትላላችሁ፣ እሳቸው ስድስት ይላሉ። እኔ አባታችሁ ልለምናችሁ፤ ከላይ አንድ ፎቅ ይቀነስ፣ አምስት ይሁንና ተጨባበጡ" አልኩ።

ልቤ ውስጥ ያለው ሂሳብ እንዲህ ነበር፤ የሠራተኞቹ ክፍል ከታች ነው፤ ከላይ ቢቆረጥ ከታች ያለው ምን ይሆናል? ፕላን ተሸክሞ የኖረ ሰው የሚያስበው ሐሳብ ነው። ዘርግቶ ያየ ሰው አያስበውም።

አዳራሹ አጨበጨበ። የመታጠቢያ ቤቱ ሰውዬ ተነሳና ጨበጠኝ፤ የድቧ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከንቲባዋ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥበብ ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ እኔም ያን ጊዜ አመንኳት። ከሰባቱ አንዱ ወዲያው እጁን አወጣና ክቡር አባታችን ባሉት መሠረት ሆቴሉ አምስት ፎቅ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አለፈ። የመጨረሻው ድምፅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሰጣል ተባለ። የባለሆቴሉ ወኪል ፈገግ ማለቱን አየሁ። አንድ ፎቅ የተነጠቀ ሰው ለምን ፈገግ እንደሚል ያኔ ቢከነክነኝ ሽማግሌ በተባልኩ ነበር።

ወደ ካልጋሪ ስንመለስ፣ የዚያ አገር የሰኔ ቀን ረጅም ነውና፣ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ቫኑ ውስጥ ማንም አይናገርም። እኔ ደክሟቸው ነው ብዬ፣ እንዴት ነበርኩ ብዬ ጠየቅሁ። ሴትየዋ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

"ጋሼ፣ እኔ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው ያስታረቁኝ?" አለች።

ከዚያ አሥራ አራተኛውን ገጽ፣ ያን እኔ ፓርክ ሳደርግ ያነበበችልኝን ገጽ፣ እንደገና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሠራተኛ መኖሪያ የመሥራት ግዴታ የሚመጣው ለስድስተኛው ፎቅ ነው። ሆቴሉ አምስት ከሆነ ግዴታ የለበትም። ምክር ቤቱ አምስተኛውን ፎቅ በልዩ ፈቃድ፣ ለሰላም ሲል፣ ሰጥቶታል። ከታች ከኋላ ያለው ቦታ አሁን የእንግዶች የበረዶ ጫማ ማስቀመጫ ይሆናል። እኔ ከላይ ቆረጥኩ ያልኩት ፎቅ የተቆረጠው ከሥር ነው።

ባለሆቴሉ ለሥራው ካሰለፋቸው ጠበቆች ሁሉ የበለጠ የጠቀመው የቀይ ከረቫቱ ሹፌር ሆነ። ደግሞ ያለ ክፍያ።

በማግስቱ ፊት ወንበር ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ተቀመጠች። ሴትየዋ ከኋላ ሄደች። ስልኳን ስትደውል አልሰማትም፤ ዱብ ዱቡም አልደረሰኝም። እንደ ወትሮው መታጠፊያው ጋ ቀስ አልኩ፤ ጥሩንባው ብቻ ነው የተረፈኝ። እንዲህ ሆነን ሳምንት አለፈ።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ሰው ደጃፍ ይቆማል። ተበዳዩ አውርደው እስኪል ድረስ አያወርድም። እኔ በሽምግልና ዘመኔ ስንቱን አሸክሜአለሁ፤ ዘመዴ ከሆነ ቀለል ያለውን እመርጥለታለሁ፤ ካልሆነ ግን ከበድ ይበል እያልኩ ከጥላ ሥር ሆኜ አዝዛለሁ። ራሴ ተሸክሜ ግን አላውቅም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ልሸከም ወሰንኩ።

እኔ በምኖርበት ሳቫና ውስጥ ድንጋይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁሉ ነገር አዲስ ነው፤ ሣሩ እንኳ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በመኪና የመጣ ነው። ቤታችንን የሠራው ኩባንያ ግን ለጌጥ ብሎ ደጃፌ ላይ ያኖረው አንድ ድንጋይ አለ፤ ያን ነቅዬ መኪናዬ ውስጥ ከተትኩ። ስካይቪው ራንች ደረስኩና በትከሻዬ አደረግኩት። ከመኪናው እስከ ቤዝመንቱ የጎን በር ሠላሳ እርምጃ አይሆንም፤ አራት ጊዜ ቆምኩ። አንድ የፑንጃብ ሽማግሌ ውሻውን እያንሸራሸረ መጥቶ አዘነልኝ፤ ግቢ የማስተካክል መስሎት ድንጋዩን በአንድ በኩል ያዘልኝ። አይሆንም፣ ብቻዬን ነው የምሸከመው አልኩት። በእኛ አገር ልማድ ነው ብዬ ባስረዳው ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ ስለ አገራችን ምን ይዞ እንደሄደ እንጃ።

በሩን ልጅቷ ከፈተችው። አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣ "ማሚ፣ ጋሼ ሮክ ይዘው መጥተዋል፤ ላይክ፣ ትልቅ ሮክ" አለች። እናትየው መጣች። እጆቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች። ያውርዱት አላለችም።

"ከየት አመጡት?" አለች።

"ከደጃፌ።"

ድንጋዩን ዞራ ዞራ አየችው። "ትንሽ ነው" አለች።

ጀርባዬ ሊቀነጠስ ደርሷል፤ እሷ መጠን ታከራክረኛለች። በድንጋዩ መጠን ላይ ስብሰባ እንጥራ ወይ ልላት ነበር፤ ከአንደበቴ ያተረፍኩትን አስታወስኩና ዋጥኩት። በደልሁሽ፣ ሳልሰማ ተናገርኩ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ይህን ለማለት መብራት አላስፈለገኝም።

"ይቅር ብያለሁ" አለች። "ያውርዱት ግን አልልም። ያውርዱት የምልዎት የቤቱን ቁልፍ በእጄ የያዝኩ ዕለት ነው። እስከዚያ የእርስዎ ነው፤ ይዘውት ይዙሩ።" ቀጠለችና፣ "በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ነኝ የምናገረው። እርስዎ ይነዱና ይቀመጣሉ" አለች።

ማናጀሩስ አልኳት። እሱን ለእኔ ይተዉት አለች። ድንጋዩን ተሸክሜ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አዳራሹ እንደ መጀመሪያው አልሞላም። ሰዎቹ ድላቸውን አግኝተዋል፤ ተራራውም ወገቡ ተርፎለታል። ማናጀሩ ግን ሦስተኛው መደዳ ላይ ነበር። ሴትየዋ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወደ ማይክራፎኑ ሄደች፤ ስታልፍ አየችው፤ በአንገቷ ሰላም አለችው። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ነው።

"በዚህ ከተማ በቀን አሥራ አራት አልጋ አነጥፋለሁ" አለች። "የእኔ ልጅ ከአልጋዋ ስትነሳ ግን አላይም። በስልክ ነው የምቀሰቅሳት። መነሳቷን የማውቀው እንዲህ ስታደርግ ነው።" እግሯን አንስታ የአዳራሹን የእንጨት ወለል ሁለት ጊዜ ደለቀችው። ሳጥኑ ገና አረንጓዴ ነበር። "ፊኛውን ዝቅ አድርጉት፤ ግድ የለኝም። ስታወርዱት ግን እኛን አብራችሁ አታውርዱ።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም። ለእኔ ያጨበጨበ አዳራሽ ለእሷ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጥበብ የሚሉት ምንም የማይጠይቃቸውን ነገር ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ ከንቲባዋ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ክቡር አባታችን የሚጨምሩት ይኖር ይሆን ብላ ጠየቀች። እውነቱን ልናገር፤ የሚጨመር ነበረኝ። አንድ ሰዓት የሚወስድ የሚጨመር ነበረኝ፤ ምርቃቱም ተዘጋጅቷል። ሴትየዋ ዞራ አላየችኝም፤ የአንገቷ ጀርባ ብቻ ነው የታየኝ፤ እሱ በቃኝ። "የለኝም" አልኩ። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ንግግሮች ሁሉ ተመስግኜ የማላውቅበት፣ ትክክል የሆንኩበትም ይኸው ነው።

አራት ለሦስት ሆኖ አለፈ። ሆቴሉ አምስት ፎቅ ይሆናል፤ የሠራተኛ መኖሪያው ይመለሳል፤ ግን አርባው ሃያ ሆነ። እነሱም ሽምግልና ተምረው በግማሽ ቆረጡት፤ ከማን እንደተማሩት አትጠይቁኝ። የባለሆቴሉ ወኪል በደስታ እንቀበላለን አለ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ሲፈለግ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው ላይ በመስታወት የታጠረ የእንግዶች መዝናኛ እንዲጨመር አስፈቀደ። በደንቡ መሠረት መዝናኛ ፎቅ አይባልም። ከፍታው ሲለካ ፊኛው ከነበረበት ጋ ይደርሳል። የመታጠቢያ ቤቱ ሰውዬ አልተቃወመም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አምስት ነዋ።

ማናጀሩ ለሁለት ሳምንት ሴትየዋን ከባድ ከባዱን ወለል ደለደለባት። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሠራተኞች ጥለውት ሄዱ፤ መኖሪያ አጥተው ነው። ከዚያ በኋላ ተለሳለሰ፤ አዲሶቹ ክፍሎች መቼ እንደሚያልቁ እሱ ራሱ ይጠይቃት ጀመር።

አሁን ቫኑን ፓርክ የማደርግበት ሜዳ ታጥሯል። ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሴትየዋ በተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ሦስተኛ ናት፤ ቤት ይደርሳታል። ሲያልቅ ልጅቷ ዐሥር ዓመት ይሆናታል፤ ያኔ እናቷ እንድትቀሰቅሳት ትፈልግ እንደሆነ እንጃ። እናትየው ወደ ፊት ወንበር ተመልሳለች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀስ እላለሁ፣ እሷ ትደውላለች፣ ዱብ ዱብ ይላል፤ "ይኼ እጅ ነው" ትላለች።

ድንጋዩ ከወንበሬ ኋላ ነው። ቫኑ ሲታጠፍ ይንሸራተትና ወንበሬን ከኋላ ይመታዋል። ሰሞኑን አንዲት አዲስ ተሳፋሪ ገብታ እግሯን ሲያደናቅፋት ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሴትየዋ መለሰችላት።

"የጋሼ ሻንጣ ነው" አለቻት። "ሆቴሉ እስኪያልቅ እየጠበቁ ነው።"